የሐምዳን ቀባሪዎች

ኩዌት፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለቄስ ሀብተ ሥላሴ፤

ካሉበት ነአኩቶ ለአብ ደብር ድረስ በአላህ ሰላም እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ዓይንዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊት ጠባያቸው ቢከብድም ቤቱ ሰላም ነው። የአገር ቤቱ ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ሳምንት ይዘጋል፤ ደግሞም የምጠይቅዎ ነገር በስልክ የሚጠየቅ አይደለም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አገር ለምትገባው ጓደኛዬ ለትዝታ ሰጥቻታለሁ። ላሊበላ ስትደርስ ሚኪ የሚባለው አስጎብኚ ወንድሟ እቤትዎ ያደርስልዎታል።

አጎቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ አንዲት የአገራችን የጋሸና ልጅ እጄን ጎተት አድርጋ፣ «አባትሽ ክርስትና ተነሣ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን፣ «በየወሩ ነአኩቶ ለአብ ይሄዳል፤ ከዋሻው የሚንጠባጠበውን ጠበል ይጠጣል፤ ያጠመቀውም ቄሱ ወንድሙ ነው ይላሉ» አለች።

አብየ ክርስቲያን ሆኖ እንደተወለደ አውቃለሁ። ስሙ «ደግሰው» እንደነበረ፣ እናቴን ረሒማን ሲያገባ ሰልሞ ሐምዳን እንደተባለ፣ እናታችሁ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስም በዚህ ተቀይመው እስከ ሞታቸው ድረስ እንዳላናገሩት አውቃለሁ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ አንድ ቀንም አንሥቶት አያውቅም። እኔ ግን ዓይኔን ከገለጥኩ ጀምሮ የማውቀው ሲሰግድ ነው። እናቴ ከሞተች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እሷ እስክትሞት ነበር እንዴ የምትጠብቁት? ይቅር ይበሉኝ፤ ሆዴ ስለተቃጠለ ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴን አጥምቀውታል ወይስ አላጠመቁትም?

የወንድምዎ ልጅ ነሲባ


ነአኩቶ ለአብ፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለነሲባ፤

በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የምታስታምሚያቸውን እናት ምርቃት ለአንቺ ያድርግልሽ። እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለገና ዋዜማ ነው። መልሱ የዘገየው አንድም በመንገዱ መዘጋት፣ አንድም በእኔ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ጥምቀት በሰላም ዋለ። እንግዳ ግን እንደ ድሮው አይመጣም፤ ሆቴሎቹ ባዶ ናቸው። አባትሽ ሳል ይዞት ነበር፤ ተሽሎታል። የጤፍ ንግዱን ለወንድምሽ ለሳሊሕ ለቅቆለታል።

እርግጥ ነው፣ ይመጣል። በወር አንድ ቀን ከጋሸና በመኪና ላሊበላ ይገባና፣ ከዚያ በእግሩ ቀስ እያለ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ወደ ቤተ መቅደሱ አይገባም። በቅጥሩ ውስጥ ከወይራው ሥር የእናታችን መቃብር አለ፤ እዚያ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ያን ያህል ዘመን ያላናገረችውን ሴት ምን እንደሚላት እንጃ። ሲጠማው ውኃ እሰጠዋለሁ። እኛ ዘንድ ያለው ውኃ ደግሞ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ነው፤ ሌላ የለንም። ለእኛ ጠበል ነው። እሱ ምን ብሎ እንደሚጠጣው አልጠየቅሁትም።

ሰው ያያል፤ ያወራል። የእኛዎቹ «የጠፋው በግ ተመለሰ» ብለው እልል ሊሉ ይዳዳቸዋል። የእናንተዎቹ ደግሞ ፊት ነሥተውታል። እሱ ግን ወሩን ቆጥሮ ይመጣል።

ቢገኝልሽ አንድ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የዳዊቱ ፊደል ጠፋብኝ።

አጎትሽ ቄስ ሀብተ ሥላሴ


ኩዌት፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎንና ሰላምዎን እየተመኘሁ መነጽሩን ልኬያለሁ። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት።

ስለ ሳሉ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወይራው ነግረውኛል። የጠየቅሁዎትን ግን ደብዳቤውን ገልብጬም አላገኘሁትም። ለምን አይጠይቁትም? እኔ ልጅ ነኝ፤ «አብየ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» የምልበት አፍ የለኝም። እርስዎ ወንድሙ ነዎት። ባለፈው ሰኞ መስመር ተገኝቶ አናገርኩት። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «አብየ፣ እዚያ ሰው ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰውማ ዝናብ ጠፋ ይላል» አለኝና ስለ ገብሱ ነገረኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከሳሊሕ የሰማሁት ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ። አብየ ሃያ ዓመት የዳኘው የቀብር ዕድራችን፣ ቅሬው፣ ሊከፈል ነው አሉ፤ ሙስሊሙ ለብቻው፣ ክርስቲያኑ ለብቻው ሊቀብር። እናቴ የሞተች ጊዜ እኮ ጉድጓዱን የቆፈሩት ክርስቲያኖቹ ናቸው። እንዴት ተብሎ ይከፈላል? ደግሞስ እሱ በየትኛው ሊገባ ነው? እዚህ የማማክረው ሰው ሁሉ «አባትሽን አንድ ቦታ አስይዢው» ይለኛል።

አንድ ቦታ ይያዝ፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የት እንደሆነም ያውቁታል። በሌላው ነገር አላስቸግርዎትም።

ነሲባ


ነአኩቶ ለአብ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለነሲባ፤

እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ፤ የጾምሽውን ይቀበልልሽ። የእኛ ፋሲካ ገና ነው። መነጽሩ ልክክ ብሎልኛል፤ ዓይንሽን አይንሳሽ። ሆኖም በመጀመሪያ የምጽፍበት ነገር ደስ የሚል ባይሆን ምን አደርጋለሁ።

ቅሬው ተከፍሏል። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን መግባታቸውን ታውቂያለሽ። ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ምሬተኛ በሆነበት ሰሞን ነው ስብሰባው የተጠራው። እኔም ጋሸና ወጥቼ ዳር ይዤ ተቀምጬ ነበር። ነገሩን ያመጡት ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ከእኛም ከእናንተም ወገን ተምረናል የሚሉ ጎልማሶች ናቸው። የእናንተው «በእነሱ ፍትሐት ላይ መቆም አይፈቀድልንም» አለ። የእኛው ተነሥቶ፣ «እኛስ በእነሱ ዱዓ ላይ ምን አቆመን?» አለ። እኔ ቄስ ነኝና ብናገር ይሰሙኝ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ።

ወደ ክፍፍሉ ሲገቡ ድንኳኑ ለማን፣ ድስቱ ለማን፣ ቃሬዛው ለማን ይሁን እየተባለ መነታረክ ሆነ። አባትሽ ከዳኝነት ወንበሩ ተነሣና፣ «እኔስ ለማን ነኝ? ድስቱን ስትከፍሉ እኔንም አብራችሁ ክፈሉኝ» አለ። የሳቀ ሳቀ። እሱ የቅሬውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስሜን የትም እንዳትጽፉ» ብሎ ወጣ።

በእኛ አገር ቅሬ የሌለው ሰው ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። በቁሙ የሞተ ነው። ስለዚህ ፈራሁ። ሳልነግረው በማግሥቱ ወደ ክርስቲያኑ ቅሬ ጸሐፊ ሄጄ «ደግሰው» ብዬ አስመዘገብኩት። ለካ ሳሊሕም በዚያው ሳምንት በሙስሊሙ መዝገብ «ሐምዳን» ብሎ አስመዝግቦታል። ሁለቱ ጸሐፊዎች በገበያ ቀን ሲጫወቱ ነገሩ ወጣ። «በሁለት ቢላዋ የሚበላ» ብለው በሰው ፊት ሰደቡት፤ ሁለቱም ሰረዙት። እሱ የሆነውን የሰማው ስድቡን ሲሰማ ነው።

እዚህ መጣ። ወደ እናታችን መቃብር አልሄደም። በራፌ ላይ ቆሞ፣ «ሀብቴ፣ ስሜን ማን ስጠው አለህ?» አለኝ። ታላቄ ነው፤ መሬት መሬት አየሁ። «ብትሞትስ ብዬ ነው» አልኩት። «ብሞትማ እሞታለሁ» አለና ተመለሰ። ካለፈው ወር ጀምሮ አልመጣም።

አጎትሽ


ኩዌት፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

አጎቴ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ሳሊሕን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልነግርዎት ፈርቼ ነው። «አብየ እንዳይሰማ» ያልኩትም እኔ ነኝ።

እርስዎ ላይ ልቆጣ ብዬ ወረቀት አወጣሁ፤ ሳስበው የሠራነው አንድ ነው። ታዲያ በማን ልቆጣ? እናቴ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እላለሁ፤ ደግሞ እሷ ስላለች ነበር እንዴ የሰገደው ብዬ እደነግጣለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የምታስብ ልጅ ምን ዓይነት ናት? ለጊዜው አልጽፍም። የምጽፈው ሁሉ ሌላ ነገር ያበላሻል።

ነሲባ


ጋሸና፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለነሲባ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል አልልሽም፤ አንቺ ያለሽበት ክረምት የለም። ጤናሽን ያብዛልሽ። አልጽፍም ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጽፍልሽ ግድ ሆነብኝ። የምጽፈውም ከአባትሽ ቤት ተቀምጬ ነው። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

እዚህ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ቆሎ የምትሸጥ ባንቺዓለም የምትባል ሴት ነበረች። ክርስቲያን ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ መጥታ የቀረች፣ ዘመድ የሌላት። በድሮው ቅሬ አባትሽ ያለ መዋጮ ይዟት ነበር። አዲሱ የእኛ ቅሬ ዋስ የሌለውን አልመዘግብም ብሎ አስቀራት። ሐምሌ ላይ ሞተች። ሬሳዋ እስከ ቀትር ድረስ ከተከራየችበት ክፍል አልወጣም፤ ሁሉም «የማን ናት?» ይባባላል።

አባትሽ ዶማውን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄደ። ዝናቡ ይወርዳል። ዘበኛው ከበር አቆመው።

«ሐምዳን፣ ምን ፈልገህ ነው?»

«ጉድጓድ ልቆፍር።»

«ለማን?»

«ለባንቺዓለም።»

«አንተ ሙስሊም አይደለህ እንዴ?»

«እሷስ ሞታ የለም እንዴ?» ብሎ ገፍቶት ገባ።

ብቻውን መቆፈር ጀመረ። ሳሊሕ ሰምቶ መጣና፣ «አብየ፣ ተው፣ ሰው ምን ይለናል» አለው። አባትሽ መቆፈሩን ቀጠለ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ጭቃ ውስጥ ዶማ ሲያነሣ ልጅ ቆሞ ማየት አይችልምና ሳሊሕ ወርዶ ነጠቀው። ቀጥሎ አንድ ሁለት ክርስቲያኖች በኀፍረት መጡ። ኋላ የሙስሊሞቹም ጎረቤቶች መጡ። እኔ ለሌላ ጉዳይ ጋሸና ነበርኩና ከደብሩ ካህን ጋር ፍትሐቱን አደረስን። ከዚያ ወዲያ ቅሬው ታረቀ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ቀብረን ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፤ መዝገቡ ዛሬም ሁለት ነው።

አባትሽን ብርዱ መታው ብለን ነበር። ነሐሴ ስምንት ቀን ከሱቁ ደጃፍ ወደቀ። ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ምላሱም ተሳስሯል። አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ይታገላል። ሐኪሙ «ዕድሜም ነው፣ ደም ግፊትም ነው» አለ። ሳሊሕ ቀን ንግድ ላይ ስለሆነ እኔ ከደብሬ ፈቃድ ጠይቄ መጥቻለሁ። አጥበዋለሁ፤ አጎርሰዋለሁ። ልጆች ሳለን እሱ ነበር ለእኔ እንዲህ የሚያደርገው።

ምንም አትላኪ። ብቻ ጻፊ።

አጎትሽ


ኩዌት፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

አላህ ለእርስዎም ጤና ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አሮጊቷ ሐኪም ቤት ነበሩ፤ ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። መምጣት እፈልጋለሁ። ፓስፖርቴ ያለው ከአሠሪዎቼ ጋር ነው፤ «ሴትዮዋ ሳይሻላቸው አንለቅሽም» አሉኝ። እኔ የሰው እናት አጥባለሁ፤ እርስዎ የእኔን አባት ያጥባሉ። ይህ እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን የምጽፈው ያስቀይምዎት ይሆናል። የሞቱ ሰዓት ቢመጣ፣ አጠገቡ ሙስሊም ይኑር። ሳሊሕ ይኑር፣ ወይም ጎረቤት ይኑር። እርስዎ ብቻዎን ከእሱ ጋር እንዳይቀሩ። ክፉ ያደርጋሉ ብዬ አይደለም። ወይም ነው፤ እንጃ። ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት አልመለሱልኝም። ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ እንዴት ልመንዎት?

ይቅር ይበሉኝ። ግን አልሰርዘውም።

ነሲባ


ጋሸና፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለነሲባ፤

አምላክ ያጽናሽ። ሳሊሕ በስልክ እንዳረዳሽ አውቃለሁ። እኔ የምጽፍልሽ ሳሊሕ የማያውቀውን ነው።

በመጀመሪያ ለጥያቄሽ። አላጠመቅሁትም። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ይህን ቃል ባለፈው ዓመት ልጽፍልሽ እችል ነበር። ያልጻፍኩት ስለምመኝ ነው። አንድ ቀን ከእናታችን መቃብር ተነሥቶ «ሀብቴ፣ መልሰኝ» ይለኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። አጠገቧ ቦታ አይቼለት ነበር። የደበቅሁሽ ምኞቴን ነው።

ደብዳቤሽ አስቀይሞኝ ነበር፤ ቢሆንም አክብሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አብሬው ላለመቆየት እጠነቀቅ ነበር። ኅዳር ስድስት ዐርብ ዋለ። ሁለት ቀን ሙሉ ደኅና ስለሰነበተ ሳሊሕን፣ «ሂድ፣ ጁምዓህን ስገድ» አልኩት። ሚስቱም ወፍጮ ቤት ነበረች። እነሱ ከወጡ በኋላ ትንፋሹ ተለወጠ። ብዙ ሰው ገንዣለሁና አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ወጥቼ ተጣራሁ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከመስጊዱ የኢማሙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የእናንተ ሰው ሁሉ እዚያ ነው።

ተመልሼ እጁን ያዝኩት። ዓይኑን ገለጠና፣ «ላ...» አለ። ውኃ የጠየቀ መስሎኝ አቀረብኩለት፤ ራሱን ነቀነቀ። «ላ... ኢላ...» አለ። ምላሱ እምቢ አለው። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመበት። ነሲባ፣ ወንድሜ ፈሪ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ግን ቃሉ እንዳይቀርበት ፈራ፤ በዓይኑ አየሁት። እኔን ነበር የሚያየው።

ማንም አልነበረም። ውጭ ወጥቼ ያልኩትን ብል የሚያስተባብለኝ የለም። በአንገቴ መስቀል፣ በኪሴ ዳዊት ነበረ። ለሚያጣጥር ሰው አጠገቡ ያለ ሙስሊም የእምነቱን ቃል፣ ሸሃዳውን፣ እንደሚያስታውሰው አውቃለሁ፤ በስንት የሙስሊም ጎረቤት ቤት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ ጨረስኩለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልኩለት፤ የነቢያችሁንም ስም ጠራሁ። ከንፈሩ ተከተለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስለው ከንፈሩ ቆመ።

ሰዉ ከስግደት ሲወጣ ደረሰ። «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ቃሉን ብሎ ሞተ» አልኳቸው። ማን እንዳስባለው አልጠየቁኝም። መዝገብ ያነሣ የለም፤ ወንዶቻችሁ አጠቡት፣ ከፈኑት፤ የሁለቱም ቅሬ ሰዎች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ተሸከሙት። የቀብሩን ሶላት ሲሰግዱበት እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆምኩ። በሙስሊሙ መቃብር፣ ከእናትሽ ጎን ነው ያረፈው። በማግሥቱ ሁለቱ ጸሐፊዎች ተገናኝተው ሰላም ሲባባሉ አየሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን አልሰማሁም።

አሁን የጨነቀኝ የራሴ ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልቀደስኩም። ያንን ቃል የተናገረ አንደበት ቅዱሱን ምሥጢር ይነካል ወይ? ለንስሐ አባቴ ልነግር ሄጄ ከደጃቸው ተመለስኩ። ኃጢአት ነው ብሎ ለመናዘዝ መጸጸት ይገባል። እኔ አልተጸጸትኩም። ያ ሰዓት ቢመለስ ያንኑ አደርጋለሁ። ያልተጸጸተ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? አርባ ዓመት ሰውን እያናዘዝኩ ኖሬ ይህን አላውቅም።

አጎትሽ ቄስ ሀብተ ሥላሴ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለቄስ ሀብተ ሥላሴ፤

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ፤ እኔንም ከክፉ አፌ ይጠብቀኝ።

ደብዳቤዎን ከያዝኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው። «ብቻዎን ከእሱ ጋር እንዳይቀሩ» ብዬ የጻፍኩት እጅ ይኸው ነው፤ በዚሁ እጅ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጽፍ አላወቅሁም። እዚህ ሴቶችን የሚያስተምሩ አንድ አዋቂ አሉ። እሳቸውን ልጠይቅ ሄድኩ። «አንድ ሰው ሊሞት ሲል ቃሉን ያስታወሰው...» ብዬ ጀመርኩ። «እሺ፣ ማን አስታወሰው?» አሉኝ። «ወንድሙ» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ወንድም ነው» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። መልስ አገኘሁ ይባል፣ ዋሸሁ ይባል፣ አላውቅም።

ለሳሊሕ አልነገርኩትም። ለማንም አልናገርም።

አጎቴ፣ እኔ ስለ ቅዳሴ የማውቀው ነገር የለም። እናንተ ዘንድ የሚያረክሰውንና የማያረክሰውን አልለይም። አብየን ግን አውቀዋለሁ። በእሱ የተነሣ ከደብርዎ መቅረትዎን ቢሰማ በራፍዎ ላይ ቆሞ፣ «ሀብቴ፣ ሥራህን ማን ተው አለህ?» ይልዎት ነበር። ይህን ማለት ለእኔ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም፤ ግን የሚልዎ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔ ልበለው። ይቀድሱ።

ነገ ጁምዓ ነው። እኔም እሰግዳለሁ።

ልጅዎ ነሲባ